ያልቆሰለው ተረከዝ

አባ ዳገት ከገደሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ አዳኝ ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ሞተ ሲባል፣ መጀመሪያ ማንም አላመነም። ኋላ ግን የሚያሳብቡበት አላጡም። ሟቹ ያደረገው አዲስ ቡትስ ነበር። «ሶሉ ነው የከዳው!» ተባለ። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከተማ ገባ። የጫማ ሻጩ ሱቅ መስታወት በድንጋይ ረገፈ፤ ሻጩም በካቴና ታስሮ ለምርመራ በፖሊስ መኪና ወደ ተራራው ተጫነ።

መርማሪዋ ከገደሉ ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር። መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መዘውር» ይሏታል። የጣቢያው አዛዥ በስልክ «ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነጋዴው የማይረባ ጫማ ሸጧል። እስከ ማታ ጨርሺና ነገ ፍርድ ቤት እናቅርበው» ብሏታል። ነፋሱ ሻርፗን ይጎትታል። ከላይ ከአዳኞቹ ማረፊያ ቤት ያልተቀረቀረ መስኮት ጓ ጓ ይላል።

አብሯት የመጣው ወፍራም ፖሊስ የሟቹን ቡትስ ሲያወልቅ አላበው።

«ምን ያህል ነው ያጠበቀው በእግዚአብሔር! እስከ ላይኛው መንጠቆ ድረስ ጠፍሮታል።»

«አንድም መንጠቆ አልዘለለም?»

«አንድም። ምነው? ልትገዢው ነው እንዴ?»

አልሳቀችም። እጇን ወደ ጫማው ውስጥ ሰዳ ገበሩን ዳበሰች። ከተረከዙ በኩል ጣቷ ሻካራ ነገር ነካ፤ ወደ ብርሃን ብታዞረው የደረቀ ደም ነው። የሟቹን ካልሲ ገፈፈች። ተረከዙ ደህና ነው፤ መላጥ ቀርቶ መቅላት እንኳ የለበትም። ከቀኝ እግሩ መታጠፊያ ላይ ግን አጥንቱ እንቁላል አክሎ አብጧል፤ የቆየ ጉዳት ነው።

ወደ ላይ ወጡ። ትናንት ጠዋት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ከማረፊያ ቤቱ የጓሮ በር እስከ ገደሉ አፍ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ይታያል፤ የቡትሱ ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። መመለሻ የለውም።

«አንድ ሰው ሄደ፣ አንድ ሰው ወደቀ» አለ ፖሊሱ። «ሒሳቡ ይኸው ነው።»

«እስቲ ከጎኑ ርገጥ።»

ረገጠ። የእሱ ዱካ ከሟቹ ዱካ ግማሽ እንኳ አልጠለቀም። ፖሊሱ ሆዱን አየ፤ ከዚያ ሸንበቆ የሚያክለውን አባ ዳገትን አስታወሰ። መርማሪዋ ገደሉ አፍ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ተመለከተች። ከዚያ ተነሥቶ ቤቱን ዞሮ የሚመለስ ራቁት አለት አለ፤ ዱካ የማይዝ፣ ደረቅ አለት።

ጫማ ሻጩ በማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ታስሮ ተቀምጧል። እንዳያት ብድግ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ሱቄን ሰባበሩት! ነገ ደግሞ ስሜን ሊሰብሩት ነው። እኔ ለዚያ ሰውዬ ጫማ ስሸጥ ልጄን ለባል የምሰጥ ያህል ነው የተጨነቅሁት!»

«እንዴት አድርገው ነው የሸጡለት ጋሼ?»

«እንደ ደንቡ ነዋ! ጠዋት ሲመጣ አባረርሁት። እግር ውሎ ሲያብጥ ነው የሚለካው። ማታ ሲመለስ የተራራውን ወፍራም ካልሲ አስጠለቅሁት። ክሩን ሳያስር እግሩን ወደፊት ገፍቶ ከተረከዙ ኋላ ጣቴን ከተትሁ፤ ልክክ። ከዚያ ተረከዙን ወደ ኋላ አስጠግቼ አሰርሁና ዘንበል ባለው ጣውላ አወጣሁት፣ አወረድሁት። ሲወርድ አውራ ጣቱ አልነካም፤ ሲወጣ ተረከዙ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ቡትስ አስጥዬዋለሁ፤ ‹ሚስት ስታጭ እንዲህ መርጠሃል?› ብሎ ቀለደብኝ።»

«እና ያበጠው አጥንቱ?»

«እሱንማ እያወቅሁት! ድንጋይ ወድቆበት ነው። መታጠፊያው ላይ ያለውን የመጀመሪያ መንጠቆ ዘሎ ነው የሚያስረው። ካልዘለለው እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው።»

መርማሪዋ ከበረንዳው ዳር እስከ ዳር ሁለቴ ተመላለሰች።

«ከኋላው ቢላላ ምን ያደርጋል?»

«ተረከዝ ይፍቃል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይላጣል። ሸክም ካለ ደግሞ ወዲያው ነው።»

ውስጥ የሟቹ ሚስት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ወንድሟ፣ መንገደኞችን ተራራ የሚመራው ጎልማሳ፣ ከጎኗ ነው፤ ፈጣን ስለሆነ «ነፋስ» ይሉታል። ማዶ የአባ ዳገት የአደን ጓደኛ አንድ አግዳሚ ብቻውን ሞልቶታል፤ እሱም «ግንዱ» ነው።

«ልጄ፣ እባክሽ አረፍ በይ፣ ራሴን አዞርሽኝ» አለች ሚስትየው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የት ነው?»

«ከምሳ በኋላ ዕቃ ቤት። አዲሱን ቡትስ ሊያለማምድ ያችን ክፍል ሲዞራት ነበር። እስኪለሰልስ ከደጅ አላወጣውም ብሎ ምሏል። ከኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር የሚውለው።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እኔ ልብስ ላጥብ ምንጭ ወረድሁ። ስመለስ የለም።»

«አንተስ?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ነፋስ። «ምነው ጋሼ ያን ጫማ ባላደረጉት! ሻጩን አልለቀውም።» ሲናገር እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰበ። በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል።

«በዚህ ብርድ ነጠላ ጫማ?»

«ቡትሴ ረጥቦብኝ ነው።»

የወንድምየው ቡትስ በሩ ሥር ተቀምጧል። መርማሪዋ ስትንጎራደድ በአጠገቡ አለፈች፤ ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደችበት፤ ቀና አለችና ወደ ግንዱ ዞረች።

«እርስዎ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«እንዴታ! ቀንዳሙን አውሬ የመታሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልን ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እውነቱን ልንገርሽ? ሁለታችንም ስተነዋል። እንስሳው በሳቅ ነው የሞተው።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ትናንት ምሳ ላይ ግን ነገረ ሥራው አላማረኝም። ‹ሰው በጉም ውስጥ ጥሎ የሚወርድ ከእንግዲህ ተራራ አይረግጥም፤ ነገ ለተራራው ማኅበር እናገራለሁ› አለ። እኔን መሰለኝ። አንድ ጊዜ ርቦኝ ትቼው ወርጃለሁ።»

ነፋስ እሳቱን ይቆሰቁስ ጀመር። እሳቱ ግን መቆስቆስ አላስፈለገውም።

መርማሪዋ ዕቃ ቤት ገባች። ወለሉ ሁሉ አቧራ ነው። የድንጋዩ ደፍ ብቻ ታጥቧል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በምድጃው ዙሪያ ሰበሰበች። ሻጩን ካቴናውን አስፈታችለትና የሟቹን ቡትስ እግሩ ሥር አኖረች። የአባ ዳገት ውሻ ከውጭ በሩን ይቧጭራል፤ መስኮቱ አሁንም ጓ ጓ ይላል።

«አባ ዳገት ሲወድቅ ያደረገውን ቡትስ ያሰረው ሌላ ሰው ነው» አለች እየተንጎራደደች። «እሱ ቢሆን የመጀመሪያውን መንጠቆ ይዘል ነበር። ይህን እትዬ ያውቃሉ፤ ጋሼ ግንዱስ?»

«ድንጋዩን ከእግሩ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ሻጩም ያውቃሉ። ያሰረው ሰው ግን ለቁልቁለት እንደሚታሰረው፣ አንድ መንጠቆ ሳያስቀር ጠፍሮ አሰረው። ሲቸኩሉ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። በየሳምንቱ የመንገደኛ ጫማ ለመውረጃ የሚያጠብቅ እጅ ነው።»



«ሁለተኛ። ከቤቱ እስከ ገደሉ ያለው ዱካ የዚህ ቡትስ ነው፤ ግን ከወፍራሙ ባልደረባዬ ዱካ ይጠልቃል። ዕቃ ይዞ ነው እንዳንል ከገደሉ ሥር ዕቃ የለም። የተሸከመው አባ ዳገትን ነው። ዱካው የሟቹ እንዲመስል የሟቹን ቡትስ አድርጎ ተሸከመው፤ ገደሉ አፍ ላይ አወለቀና ለሬሳው መልሶ አሰረለት። ከዚያ ይዞት የሄደውን የራሱን ጫማ አድርጎ በአለቱ ተመለሰ። አለት ዱካ አይዝም።»

«ጨርሺው!» አለ ግንዱ።

«ሦስተኛ። ገበሩ ላይ ደም አለ፤ የሟቹ ተረከዝ ግን አልቆሰለም። የቆሰለው የተሸካሚው ነው፤ ጫማው ለሱ ከኋላ ይሰፋዋል። ጋሼ ሻጩ፣ ይለኩልኝ።»

ሻጩ ተንበረከከ። የሚስትየው እግር ቡትሱ ውስጥ ጠፋ፤ ደግሞስ ባሏን የምታነሣበት ጉልበት ከየት አምጥታ? የግንዱ እግር ግማሹ እንኳ አልገባም፤ «እኔን እንኳ ለወንጀልም አይበቃም በሉኛ!» አለ። ሻጩ ራሱ ትናንት ከገበያተኛ መሐል ከሱቁ አልወጣም።

«ያንተ ተራ» አለች ነፋስን።

«አላደርግም።»

«ቡትሴ ረጥቧል ብለኸኝ ነበር። ነካሁት፤ አቧራው እንኳ አልራሰም። ነጠላ ጫማ ያደረግኸው ተረከዝህን የሚነካ ነገር ስላልቻልህ ነው። ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ የታጠበው ምንድን ነው?»

ነፋስ ተነሣ። ወደ በሩ ሊሄድ ነው ያሉት ሁሉ ተነሡ፤ እሱ ግን ሁለት እርምጃ ተራምዶ አነከሰና ቆመ። ካልሲው ከኋላ ቀልቷል።

«መግደል አላሰብሁም» አለ። «የምመራው መንገደኛ ደክሞ አልነሣም አለኝ፤ ጉሙ መጣ፤ ተመልሼ አመጣዋለሁ ብዬ ነበር ጥዬው የወረድሁት። በሌላ መንገደኛ ትከሻ ነው የወረደው፣ ጣቶቹን በብርድ አጥቶ። ጋሼ የመሪነት ሥራዬን ሊነጥቁኝ ነበር፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ለመንኋቸው። ‹ዞር በል› አሉኝ። ገፋኋቸው። ደፉ ላይ…»

ሻጩ ከተንበረከከበት አልተነሣም። ቡትሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጫማው ደህና ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ጫማው ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር ጋሼ» አለች መርማሪዋ። «አሁኑኑ ለአዛዡ እደውላለሁ፤ ከተማው ዛሬ ማታ ይስማው።»

ፖሊሱ የነፋስን እጅ ሲያስር እህቱ ተነሣች። የታጠበ ጨርቅና በሳህን ሞቅ ያለ ውሃ ይዛ መጣች፤ ትንሽ ሳለ ሲወድቅ ጉልበቱን ታጥብለት እንደነበረው ሁሉ ወደ ተረከዙ ጎንበስ አለች። ጨርቁን ነከረች፣ ጨመቀች። እጇ እግሩ ዘንድ ሳይደርስ በአየር ላይ ቆመ።

«ስትሸከመው» አለች ቀና ሳትል፣ «ይተነፍስ ነበር?»

ነፋስ ተረከዙን ወደ ኋላ ሰበሰበ። እሷም ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ መልሳ ጣለችውና ውሃውን በመስኮቱ ደፋችው።