በቁሙ የተለቀሰለት ሰው

«ነጠላሽን ዘቅዝቂው» አላት አጎቷ ኩምሳ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ እያያት። «ጥለቱ ወደ አንገትሽ ይምጣ። እንደ ለቀስተኛ።»

ጂቱ አልገባትም። ተጂ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል። ዱላ የያዙ ወጣቶች ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የነበረ አይሱዙ መስታወቱ ረግፎ ዳር ላይ ተገትሯል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ባለው የገበሬ መሬት ላይ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ ይህ መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። የሚያልፈው በሽተኛ የያዘና ለቅሶ የሚሄድ ብቻ ነው። ለቀስተኛን መንገድ የሚከለክል ሰው በዚያ አገር የለም፤ ኩምሳም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ኩምሳ የመሬት ደላላ ነው። ከሰበታ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ያላሻሻጠው ማሳ የለም ይባላል። መኪናዋን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መጋረጃ፣ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ሳይቀር አላት። «ቤታችንን ይዘን ነው የምንዞረው፤ ደስ ያለን ቦታ እናድራለን» ብሎ ሚስቱን አጸደን፣ ልጁን ሞቲንና የወንድሙን ልጅ ጂቱን ጭኖ ወደ ወንጪ ሐይቅ ተነሳ። እውነቱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰሞኑን ሰበታ ውስጥ የመሬት ደላላ እየታደነ ስለነበር ነገሩ እስኪበርድ ዞር ማለቱ ነው። ጂቱም ታውቃለች። ግን በአሥራ አራት ዓመቷ ሐይቅ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅምና እምቢ ማለት አልቻለችም።

ቆብ ያደረገ ወጣት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ወዴት ነው?»

«ወሊሶ። አስከሬን ልናመጣ» አለ ኩምሳ። ድምፁን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ተሰባብሮ ነው የወጣው። «ወንድሜ ዲሪርሳ ነው። መሬቴን ለደላላ አልሰጥም ብሎ ሲሟገት ከርሞ በብስጭት ታመመ። እዚያ ዘመድ ቤት እንደተኛ ትናንት አረፈ። ይቺ ልጁ ናት። ዘመድ እስኪሰባሰብ ነው እንጂ በሦስተኛው ቀን ይዘነው እንመለሳለን።»

ጂቱ ጆሮዋን አላመነችም። ዲሪርሳ አባቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ጤፍ ሊያጭድ ማጭዱን እየሳለ «ሐይቁን በደንብ አይተሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ» ብሏት ነው የተለያዩት። መሬቱን አልሸጥም ማለቱ እውነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽጥ እያለ እንቅልፍ የነሳው ደላላ ግን ሌላ ማንም ሳይሆን ይኸው መሪ ይዞ የሚያለቅሰው ወንድሙ ነው።

ወጣቱ ቆቡን አወለቀ። ዞር ብሎ «ስለ መሬቱ የሞተ ሰው ነው!» ሲል የተቀመጡት ሁሉ ተነሡ። መንገድ ዳር የነበሩ ሴቶችም መጡ። ከሁሉም ቀድመው አንዲት አሮጊት፣ አዴ ሙሉነሽ የሚሏቸው፣ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የጂቱን ራስ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ። «ልጄ፣ ጀባዹ፤ አይዞሽ። አባትሽ አንገቱን ሳይደፋ ነው የሄደው።»

ጂቱ ደንግጣ እንባዋ መጣ። አሮጊቷም አብረው አለቀሱ። ከጉያቸው በፌስታል የተቋጠረ የተቀቀለ ባቄላ አውጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «ስትመለሱ እዚሁ ነን፤ አባትሽ በባዶ መንገድ አያልፍም» አሉ። ወጣቶቹ ግንዱን ተጋግዘው ገፉት።

ተጂን ዘለቅ እንዳሉ ሞቲ በሳቅ ፈነዳ። «ፋዘር፣ ጨረስከው! አንቺ ደግሞ የምር አለቀስሽ እኮ፣ ቀላል አክተር ነሽ!»

«ኧረ ተው፣ ይሄ ሟርት ነው» አለች አጸደ ወደ ውጭ እያየች።

ኩምሳ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ፌስታሉን ከጂቱ ጭን ላይ ወሰደና ባቄላውን እየላጠ ይበላ ጀመር። ልጣጩን በመስኮት ይተፋል። «ጨው ያንሰዋል» አለ።

ሐይቁ የሚሉትን ያህል ነበር። ተራራው ሥር እንደተዘረጋ ሰማያዊ ጨርቅ ፀጥ ብሏል፤ ዳር ዳሩን ፈረሶች ይግጣሉ። መኪናዋን ውኃው አጠገብ አቁመው ሁለት ቀን ተቀመጡ። ጂቱ ግን ያየችው አጎቷን ነው። ክትፎውን ሲጠቀልል ቅቤው በአገጩ ላይ ሲወርድ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ሲልስ፣ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ውኃው ሲወረውር። ቢራውን ከፍ አድርጎ «ለዲሪርሳ ነፍስ!» ሲል አባትና ልጅ ተሳሳቁ። እንዲህ የሚያስጠላ ሰው በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ከእሱ ይልቅ ግን የራሷ እንባ አስጠላት። ነጠላውን የዘቀዘቀችው እሷ ናት፤ ባቄላውንም ጭኗ ላይ ተቀብላለች።

በሦስተኛው ቀን ኩምሳ ከገበያ ሁለት ትልልቅ እስር ቆጮ ገዝቶ በኮባ እንደተጠቀለለ አልጋው ላይ በርዝመቱ አጋደመው። ጋቢ አለበሰው፤ ወገቡና እግሩ ላይ በገመድ አሰረው። ሆድ እንዲኖረው ብሎ ትራስ ጨመረበት።

«አባትሽ ትንሽ ወፍሯል» አለ ሞቲ።

«መንገድ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ሽታውም ይረዳናል» አለ ኩምሳ። ከዚያ ወደ ጂቱ ዞሮ ሳቁን ዋጠ። «ስሚኝ። ትንፍሽ ብትዪ እነዚያ ልጆች መኪናውን ከነእኛ ነው የሚያቃጥሉት። ገባሽ?»

ገብቷታል። እስከ ተጂ ድረስ የቆጮው ኮምጣጣ ሽታ እያፈናት፣ ከዚያ ጋቢ አጠገብ ተቀምጣ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ዝም ካለች አባቷ ሞተ። ከተናገረች ደግሞ እነዚያ ዱላዎች አሉ፤ ሞቲና አጸደም መኪናው ውስጥ ናቸው።

አዴ ሙሉነሽ ያሉትን አድርገዋል። መንገዱ ላይ ሠላሳ አርባ ሰው ቆሞ ነበር፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠው። መኪናዋን ሲያዩ ሴቶቹ «ዋይ ዲሪርሳ! ዋይ ዲሪርሳ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። አይተውት የማያውቁትን ሰው በስሙ እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። ባለቆቡ ወጣት ወደ ኩምሳ መስኮት ቀረበ።

«ከተማችንን በትከሻችን እናሳልፈው። በሩን ክፈትልን።»

የኩምሳ ፊት አመድ መሰለ። «አይሆንም፣ አይሆንም፤ በሽታው ተላላፊ ነው ተብሏል። ለእናንተ ብዬ ነው።»

ሕዝቡ ባለበት ቆመ። አዴ ሙሉነሽ ብቻ አልቆሙም። «እንግዲያው ልጁን ልቀፋት» ብለው በጂቱ በኩል ያለውን በር ከፈቱ።

ኩምሳ በመስታወቱ አፈጠጠባት። ጂቱ ወረደች። አሮጊቷ ሲያቅፏት አፏን ከጆሯቸው አስጠጋች።

«እማማ፣ አባቴ አልሞተም። ሰበታ ጤፍ እያጨደ ነው። አልጋው ላይ ያለው ቆጮ ነው።»

ጀርባዋን ሲደባብስ የነበረው እጅ ቆመ። አዴ ሙሉነሽ አንገታቸውን ወደ መኪናው ሰገግ አድርገው አንድ ጊዜ አሸተቱ። ጋቢውን አዩ፣ ኩምሳን አዩ፣ ከዚያ ዱላ የያዙትን ልጆች አዩ።

«ልጆች» አሉ በመጨረሻ፣ «መኪናውን አሳልፉት። ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቆያለች።»

«እንዴ አዴ፣ አባቷን ሳትቀብር?»

«የማውቀውን አውቃለሁ። አሳልፉ ብያለሁ።»

በሩን ራሳቸው ዘጉትና ጎማው አጠገብ ምራቃቸውን ተፉ። ኩምሳ ወደ ኋላም ሳያይ መኪናውን አስነሣ። ወጣቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለቆጮው ጎንበስ አሉ። ጂቱ ይህን ማየት ስላልቻለች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

አዴ ሙሉነሽ ክንዷን ይዘው ወደ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ወሰዷትና ስልካቸውን ሰጧት። «ድምፁን አሰሚኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር፤ በእሷ ይሁን በሌላ ጂቱ አላወቀችም።

ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አባዬ።»

«ጂቱ? በማን ስልክ ነው? ሐይቁን አየሽው?»

አዴ ሙሉነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አየሁት» አለች ጂቱ። «አባዬ፣ እኔ ተጂ ወርጃለሁ። እነሱ አልፈዋል።»

«ምን ሆነሽ? የምን ለቅሶ ነው የምሰማው?»

ጂቱ ወደ መንገዱ ዞረች። ሴቶቹ ገና አላቆሙም፤ ስሙን እየተቀባበሉ ነው። ባለቆቡ ወጣት ቆቡን በእጁ እንደያዘ ነው።

«መጥተህ ውሰደኝ። በእግርህም ቢሆን ና» አለች። «እዚህ ሊያዩህ የሚገባ ሰዎች አሉ።»

ስልኩን መለሰች። «እኔ ልንገራቸው?» አሏት አዴ ሙሉነሽ። ጂቱ ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም ብላ። ከዚያ ወደ ለቀስተኞቹ ሄዳ በመካከላቸው ቆመች፤ አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችላት። ሁሉም እያዩዋት ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አገላበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ ለበሰችው። ለቅሶው አንድ በአንድ እስኪቆም ድረስ ጠበቀች።