ከኮሌታ ያልተነቀለው ማይክ

«ወይኔ! መጨረሻው ላይ የምናስገባው ይሄንን ነው!»

ፊሽካ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅላ ብድግ አለች። ፊሽካ ያሏት ስታንሾካሹክ እንኳ ድምፅዋ ኮሪደር ድረስ ስለሚሰማ ነው። ጓደኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ነው፤ የአባቷን ድምፅ እንደገና ታዳምጣለች።

ለትምህርት ቤቱ ውድድር የሠሩት ፊልም ስለ እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ትልቅ ካሜራ ተሸክሞ የሰው ሠርግ ሲቀርጽ ስለኖረው አባቷ። የቀረጹት በእናቷ ስልክ ነው፤ መቆሚያው የመጻሕፍት ክምር፣ ኤዲት የሚያደርጉበትም በነጻ የወረደ መተግበሪያ። የተዋሱት ዕቃ ቢኖር ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ብቻ ነበር፤ እሱም ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም።

ጉዱን ያመጣው ይኸው ባቄላ ነው። «ማይክህን ንቀል!» እያለ ስንቱን ሙሽራ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ የራሱን ረስቶ ማድ ቤት ገባ። እሱ የለመደው ማይክ ኮሌታ የሚያጎብጥ እንጂ እንዲህ የሚረሳ አልነበረም። ልጅቷም መቅጃውን አላጠፋችም። ስለዚህ ለእናቷ ቀስ ብሎ የነገራት ሁሉ ተቀድቷል።

«ልጅሽ በዚያች ስልክ የምትሠራውን አየሽ? እኔ ደንበኛ ሲደውል መደንገጥ ጀምሬአለሁ። ዛሬ ቀርጸህ ዛሬውኑ በስልክ ላክልን ይሉኛል። አላውቅበትም። ልጄን አስተምሪኝ ልበላት? አፍራለሁ።»

«አዳራሹ በሙሉ ነው የሚያለቅሰው!» አለች ፊሽካ። «አንደኛ ነን በቃ! እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልላክን ግን ልፋታችን ገደል ገባ።»

«አዳራሹ ውስጥ እሱም ይኖራል።»

«እና? መጥፎ ነገር አላወራ!»

«ለእኛ አይደለማ ያወራው።»

እውነቱን ለመናገር እሷም ማሸነፍ አምሯታል። ያለዚያ ድምፅ የፊልሙ መጨረሻ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ቢሆንም የአባቷን ገመና ለጭብጨባ መስጠት አልሆንልሽ አላት። የማድ ቤቱን ድምፅ ሰረዘችው።

«አብደሻል እንዴ?» ጮኸች ፊሽካ።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወጣች። አባቷ ሳሎን ተቀምጦ የካሜራውን ሌንስ ይወለውላል። ደንበኛ ከደወለለት ሦስት ሳምንት አልፏል።

«አባዬ፣ መጨረሻው እምቢ አለኝ። የት ጋ ልቁረጠው?»

«እኔን ነው? የስልኩን ነገር መች አውቄ!»

«ስልኩን መች ጠየቅኩህ፤ መቁረጡን ነው እንጂ።»

መነጽሩን አድርጎ አየ። የመጨረሻው ምስል እሱ ራሱ የካሜራ ቦርሳውን ሲዘጋ ነው።

«ቸኮልሽ» አላት። «ሰውዬው ቦርሳውን ቢዘጋም እጁን አላነሳም። እስኪያነሳ ጠብቂው።»

ልክ ነበር። ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንግዲያው አንተው አስረዝመው። እዚህ ጋ ተጭነህ ትስበዋለህ።»

ወፍራም ጣቱ ሲስብ ምስሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደንግጦ አያት።

«መመለሻው ይቺ ናት» አለችው። «እኔም በቀን አሥር ጊዜ ነው የማጠፋው።»

ፊሽካ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን አሳየቻት፤ ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ። ልጅቷ አየች። እጇን ግን ወደ ስልኩ አልዘረጋችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

አባቷ እንደገና ጣቱን አሳረፈ።