የሰው ቤት

በምራቅ የራሰ የሱፍ ቅርፊት አንገቷ ላይ ሲለጠፍ ፍቅርተማርያም በድንጋጤ ዞር አለች። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ጉንጩን ሞልቶ እየቆረጠመ ቅርፊቱን ወደ ፊት ይተፋል።

«ምንድነው እሱ?» አለችው፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ጫፍ እያነሳች።

«ጃፓኖቹ እስኪወጡ ጊዜ ማሳለፊያ ነዋ፣ እህት!» አለና ዓይኖቹን በጣቶቹ ወደ ጎን ስቦ አሳያት። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

ፍቅርተ ወደ ፊቷ ተመለሰች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አዳራሹ የእርጥብ ሹራብ፣ የእግርና የብብት ሽታ ታፍኖበታል። ወለሉ ላይ የተደፋ ለስላሳ ጫማዋን እየያዘ በተራመደች ቁጥር «ጭቅ» ይላል። ይህን ቀን ስታልም የኖረችው እንዲህ አድርጋ አልነበረም።

ኪኢሮ ካሳ ሦስት አባላት ያሉት የጃፓን ሮክ ባንድ ነው። ስታዲየም የሚሞሉ ዝነኞች አይደሉም። ዘፈናቸውን ራሳቸው ቀድተው ራሳቸው የሚለቁ፣ በአገራቸውም ቢሆን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ናቸው። ፍቅርተ ዩቲዩብ ላይ በአጋጣሚ ያገኘቻቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ጠባሴ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ትርጉሙን የማታውቀውን ቃል ሁሉ በጆሮዋ ለቅማ አጥንታዋለች። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ገልጠው «ይሄ ካሳ ካሳ የምትይው የማን ልጅ ነው?» ብለው አፍጥጠውባት ነበር። በጃፓንኛ ጃንጥላ ማለት መሆኑን ስታስረዳቸው፣ «ለጃንጥላ ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሽው?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ባንዱ እነሱ ከተማ፣ ደብረ ብርሃን፣ ይመጣል ተብሎ ሲወራ ማንም አላመነም። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ከበሮ መቺው ታካሺ በወጣትነቱ በበጎ ፈቃደኝነት እዚሁ ከተማ ፊዚክስ አስተምሯል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ «ሳላያት አልመለስም» ብሎ ጓደኞቹን ይዟቸው መጣ።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አለቻት ማኅደረማርያም፣ በክርኗ ጎሰም አድርጋ። ማህደር የልብ ጓደኛዋ ናት። ሙዚቃውን አትወደውም፤ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ነው የሚመስላት። የመጣችው ለፍቅርተ ብላ ነው።

«ይሸታል፣» አለች ፍቅርተ።

ሁለት ረድፍ ቀደም ብሎ ዘርትሁን ተቀምጣለች። የክፍላቸው ልጅ ናት፤ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ከሚኖሩበት መጠለያ ነው የምትመጣው። ዛሬ የመጠለያው ልጆች በነጻ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል። ፍቅርተና ዘርትሁን ከሰላምታ ያለፈ ወዳጅነት የላቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መምህሩ አንድ ዴስክ ላይ ያስቀመጧቸው ሰሞን፣ ዘርትሁን ሳትጠየቅ አውርታላት ነበር። ቤታቸው ከጊምቢ ወዲያ ነው። በራቸው ላይ አያቷ እሷ የተወለደች ዕለት የተከሉት ማንጎ አለ። ጥለውት ሲወጡ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አላነሳችውም።

መብራቱ ጠፋና ባንዱ ወጣ። የመጀመሪያው የጊታር ድምፅ ደረቷን ሲመታት ፍቅርተ ሽታውንም ቅርፊቱንም ረሳች። ድምፃዊቷ ሚዶሪ ከስልኩ መስኮት ይልቅ በአካል ታንሳለች፤ ድምፅዋ ግን ጣሪያውን የሚያነሳ ነበር። ከኋላ ያሉት ልጆች እያፌዙ እንደ ድመት ጮኹ። ፍቅርተ ሁሉንም ቃል አብራ ዘፈነች።

አምስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ታካሺ ማይክራፎኑን ያዘ። «እንደምን ዋላችሁ! ብርድ አለ! በጣም ብርድ አለ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ ሚዶሪ በቀስታ ተናገረች፤ እሱም ከጠፉበት ቃላት ጋር እየታገለ ተረጎመ።

«ሚዶሪ ትንሽ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ሄደች። ባሕር መጣ። ስትመለስ... ቤት የለም። ይሄ ዘፈን 'ታዳይማ' ነው። ጃፓን ቤት ስንገባ 'ታዳይማ' እንላለን፤ 'መጣሁ' ነው።» ትንሽ አሰበ። «እዚህ ከተማም ቤት የጠፋበት ሰው አለ። እናውቃለን። አንድ ሰው ይምጣ። አብረን እንዝፈን።»

ፍቅርተ ወደ ዘርትሁን አየች። ዘርትሁን አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታያለች።

በዚህ መሃል ማህደር የፍቅርተን ክንድ አፈፍ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው። «እዚህ አለች! ይቺ ተፈናቃይ ናት!»

«አብደሻል?»

«ሂጂ ዝም ብለሽ! ስንት ጊዜ ያበድሽላት ሴትዮ እኮ ናት። ከክፍላችን ማንም የለም፣ ማን ያውቅብሻል?» ዘርትሁንን አልቆጠረቻትም።

የመድረክ መሪው እጇን ይዞ አወጣት። ፍቅርተ «አይ፣ ስህተት ነው» ለማለት ጊዜ ነበራት። ደረጃው ላይም፣ መድረኩ ላይም ጊዜ ነበራት። ነገር ግን ሚዶሪ በሁለት እጇ ጉንጮቿን ይዛ ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ ከዚያ በኋላ አፏ የራሷ አልሆነም።

«ከየት መጣሽ?» አላት ታካሺ።

«ከ... ጊምቢ።»

«ቤትሽ እንዴት ነው?»

የጠባሴን ቤት ልትናገር አትችልም። «በራችን ላይ ማንጎ አለ፣» አለች። ድምፅዋ በትልልቆቹ ስፒከሮች ወጥቶ አዳራሹን ዞረው። «የተወለድኩ ቀን አያቴ የተከሉት። ጥለነው ስንወጣ ፍሬ ይዞ ነበር።»

ታካሺ ሲተረጉምላት ሚዶሪ አለቀሰች። አቅፋት በላብ የራሰ ፊቷን ከፍቅርተ ፊት ጋር አጣበቀች። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ማይክራፎን «ታዳይማ» እያሉ ዘፈኑ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። እነዚያ ቅርፊት የሚተፉት ልጆች እንኳ ፌዛቸውን ትተው ቆሙ። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ልጅ ብቻ እንደተቀመጠች ቀረች። ቀና ብላ ፍቅርተን ታያታለች። የተቆጣች አትመስልም፤ ሰው የበላውን ሲያስመልስ የምታይ ነበር የምትመስለው።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ገና አልመሸም ነበር። ከመድረኩ ጀርባ የመድረክ መሪው ስልኩን ፊቷ ላይ ደግኖ፣ «የኔ እህት፣ እስቲ ለካሜራው ትንሽ አልቅሺልን። ቅድም አሪፍ ነበርሽ!» አላት። እንዳላለቀሰች ሲያይ፣ «ይሁን ግዴለም፣ ነገ ይሻላል። ጠዋት ጃፓኖቹ መጠለያው ድረስ መጥተው ቤታችሁን ይቀርጻሉ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ እንዳትጸዳዱ፣ እንዳለ ይሁን፣» ብሏት ሄደ።

ፍቅርተ ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ማስቲካ አፏ ውስጥ የከተተች መሰላት። የሚዶሪ የፊት ቅባትና ላብ ጉንጯ ላይ ደርቋል። ቅድም መድረኩ ላይ ሳለች «መቼም አልታጠበውም» ብላ አስባ ነበር። አሁን በሹራቧ እጅጌ ፈገፈገችው፤ ቆዳዋ እስኪቃጠል።

ማህደር እየሮጠች መጥታ ተጠመጠመችባት። «ፍቄ! ሰማሽ አይደል ነገ የሚሆነውን? ችግር የለውም፣ ጨርሼ አስቤዋለሁ። ዘርትሁንን እናናግራት። የአክስቴ ልጅ ናት ትበል። ለእነሱም እኮ ይጠቅማል፣ ፈረንጅ ባዶ እጁን አይመጣም።»

ፍቅርተ ጓደኛዋን አየቻት። ፊቷ በደስታ በርቷል። ለእሷ ስትል አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የምትዋሽ፣ ነገም የምትደግመው ጓደኛ ናት። ፍቅርተን ይበልጥ የቀፈፋትም ይኸው ነበር፤ ማህደርን ልትጠላት አልቻለችም። የጠላችው ነገር ማህደር ላይ አልነበረም፤ ራሷ ውስጥ ነው ያለው።

«ልቀቂኝ፣» አለቻት በቀስታ።

ውጪ ጉም ወርዶ የአስፋልቱ ማዶ አይታይም። የመጠለያው ልጆች ተጠጋግተው ባጃጅ ይጠብቃሉ። ዘርትሁን ስታያት ከእነሱ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ዘርትሁን፣ እኔ...»

«ለምን እጄን እንዳላወጣሁ ታውቂያለሽ?» አለች ዘርትሁን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አፍሬ አይደለም። እናቴ ሲለቀስላት አትወድም። መኪና የመጣ ቀን ሁሉ በር ዘግታ ነው የምትቀመጠው። እኔም አልወድም።»

የፍቅርተን የቀላ ጉንጭ አየች።

«አቅፋሽ ስታለቅስ ደስ አለሽ?»

«አይ» ማለት ቀላል ነበር። ዘርትሁንም የጠበቀችው እሱን ይመስላል።

«አዎ፣» አለች ፍቅርተ። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዘርትሁን ፊቷን ዘወር አደረገች። ባጃጁ መጣ። ልጆቹ ተጨናንቀው ገቡ፤ እሷም በመጨረሻ ገባች። ደህና ዋይም አላለቻት።

ፍቅርተ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ወንበሮቹ መሃል የሱፍ ቅርፊት እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይጠርጋሉ። መድረኩ ላይ ታካሺ የከበሮውን ሳህኖች እየፈታ ወደ ሻንጣ ይከታል።

«ቲቸር፣» አለችው። «ዋሽቻለሁ።»

«ዋሽ?» ፈገግ ብሎ እጆቹን እርስ በርስ አሻሸ። «መታጠብ?»

በእንግሊዝኛው እንደሰማው ገባት። ማልቀስም መሳቅም ዳዳት። ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ቃል ፈለገች፤ አጭር፣ ለሁሉም የሚገባ፣ መደበቂያ የሌለው።

«አይደለም። ቅድም የተናገርኩት እውነት አይደለም። እኔ የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ። ቤት አለኝ። እናትና አባት አሉኝ። ያ ቤት የሌላ ልጅ ቤት ነው።»

የታካሺ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። «የጓደኛሽ?»

«አይደለችም፣» አለች። «ጓደኛዬ አይደለችም። ነገ እዚያ አትሂዱ። እሷ አልጠራቻችሁም፤ እናቷም አይፈልጉም።»

ታካሺ የያዘውን ሳህን ሻንጣው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዞሮ በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ከመድረኩ ጥግ የጊታር ገመድ ትጠቀልል የነበረችው ሚዶሪ ቀና አለች።

«ፍቄ!» አለች ማህደር ከበሩ ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ሆነሻል? ነይ እንውጣ!»

ሚዶሪ ገመዱን አስቀምጣ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ከሩቅ አይለይም። ፍቅርተ ወደ በሩ አልዞረችም። እጆቿን ከሹራቧ ኪስ አውጥታ ባለችበት ቆማ ጠበቀቻት።