ቀን የሚመርጥ ጉልበት

«የትኛው ነው ያበጠው?» አሉ ሐኪሙ።

ሩስኔ ሁለቱንም ጉልበቶቿን አየች። እኩል ናቸው። ይህን ቀጠሮ ለማግኘት እሷና እናቷ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ጠብቀዋል፤ ጉልበቷ ግን ልክ ዛሬ ጠዋት፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ እብጠቱ ሟሽሾ ተገኘ።

«ግራው ነው፣ ዶክተር» አለች እናቷ። «ባለፈው ሳምንት ቢያዩት ኖሮ! ጥቅል ጎመን አክሎ ነበር። እኔማ እንቅልፍ አጣሁ። ካንሰር ይሆን እንዴ? እግሯ አይቆረጥም አይደል?»

«እማ!»

ሐኪሙ ጉልበቷን አጠፉት፣ ዘረጉት። ያምሻል ወይ አሏት። ሲያብጥ እንኳ ይገትራታል እንጂ ብዙም አያማትም። እውነቱን ተናገረች፤ ተናግራም ተጸጸተች። ሰው የሚያምነው የሚያቃስትን ነው።

«መዥገር ነክሷት ያውቃል?»

«ተከትባለች!» እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የመዥገር ክትባት አንድም አላመለጣትም። ጎረቤቶቼ ሲረሱ እኔ አልረሳሁም!»

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ተሞልቷል። «በእድገት ላይ ያለ ልጅ እንዲህ ያደርገዋል። ቅርጫት ኳሱን ትቀንስ። ካበጠ ተመለሱ።»

ካበጠ ተመለሱ! ወረፋው እስኪደርስ ጉልበቷ አብጦ ይጠብቃቸው ይመስል።

በሚቀጥለው ሳምንት አበጠ። ያውም ልምምድ ላይ፣ አሰልጣኝ ዳይኒዩስ ሜዳውን ደጋግመው እንዲሮጡ ባዘዙበት ቀን።

«የሩስኔ ጉልበት ፕሮግራም አለው!» ብላ ጮኸች ኤልዜ፣ የቡድኑ ረጅሟ ልጅ። «ሩጫ ሲባል ያብጣል፣ ሐኪም ጋ ሲደርስ ይድናል። ፌክ!»

ልጆቹ ሳቁ። አሰልጣኙ አልሳቁም፤ ግን ዝም በሉም አላሉም። «ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል አይደል?» አሏት። «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ።»

ሩስኔ ኳሱን ግድግዳው ላይ አላተመችው። እግሯ ቢሰበር ኖሮ ጀሶ ይደረግለት ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ጀሶው ላይ ይፈርሙበት ነበር። ይሄ ግን ምን ይባላል? ጓደኛዋ ሚግሌ መጥታ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አጎቴ ሪቻርዳስም እንዲሁ አላመኑትም ነበር» አለች።

«ጉልበቱን?»

«ፊቱን። ደን ጠባቂ አይደል? አንድ ቀን ሲነሳ ግማሽ ፊቱ ተንጠልጥሏል። ሾርባው ባንድ በኩል ይፈሳል። አያቴ ‹የአውቶቡስ መስኮት ከፍተህ ነፋስ መታህ› አለችው። ለካ ‹ላይም› የሚሉት በሽታ ነው፣ ከመዥገር የሚመጣው። ባልደረባውን ደግሞ ልቡን ይዞት፣ ምቱ እየዘገየ ጫካ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። አንድ በሽታ ነው እኮ፤ ሰው ላይ ሲወጣ ነው መልኩን የሚቀያይረው። ጉልበትም ያሳብጣል፣ ያውም እየሄደ እየመጣ።»

«እኔ ተከትቤያለሁ።»

«እሱም ተከትቧል፣ ባክሽ! ያ ክትባት አንጎል ለሚያጠቃው ለሌላው የመዥገር በሽታ ነው። ለ‹ላይም› አይሠራም።»

«መዥገርም አላየሁም። የተነከሰ ሰው ቆዳ ላይ ይወጣል የሚሉት ቀይ ክብ ነገርም አልወጣብኝም።»

«አጎቴም ምንም አላየም» አለች ሚግሌ።

ማታ እናቷ ድንች ስትፈቀፍቅ ሩስኔ የሰማችውን ነገረቻት።

«ማነው ያለው?»

«ሚግሌ።»

«ሚግሌ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆነች?» እናቷ ግን መፈቅፈቂያውን አስቀመጠች፤ እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሳች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቁጭ አለች። «ክትባቱን አንድም ዓመት አላሳለፍኩም እኮ» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «ልብም ይይዛል ይላል! ደረትሽን ይወጋሻል? እውነቱን ንገሪኝ!»

«አይወጋኝም፣ እማ።»

«ሰኞ ቀጠሮ እጠይቃለሁ።»

ሰኞ ተጠየቀ። የተሰጣቸው ቀን ሩቅ ነበር። ጉልበቷም እንደ ልማዱ ጎደለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሩስኔ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ግራው ጉልበት አብጧል፤ የጉልበቷ ሎሚ ጠፍቷል፤ በጣቷ ስትጫነው ውስጡ እንደ ውኃ ይላወሳል። ዛሬ አሊቱስ ከተማ ላይ ግጥሚያ አለ። ከካውናስ ከተማ የተጫዋች መራጮች ይመጣሉ፤ እስከ ዓመት አይመለሱም። በፋሻ ጠቅልላ ሱሪ ብትለብስበት ማንም አያየውም። ፋሻውን ከመሳቢያ አውጥታ አንድ ዙር ጠቀለለች። ስልኳ ጮኸ።

«የት ነሽ? አውቶቡሱ ሊነሳ ነው!» አለች ሚግሌ።

«አብጧል።»

ሚግሌ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ኤልዜ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ» አለች። «ዛሬን ብቻ ጠቅልዪውና ነይ። ሰኞ ትታመሚያለሽ።»

«ሰኞማ ይድናል። አሰልጣኙን አገናኚኝ።»

አሰልጣኙ ስልኩን ተቀበሉ። «አልመጣም፣ አሰልጣኝ» አለች።

«ለዚህ ግጥሚያ? እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ሩስኔ። «ግን አልመጣም።»

ስልኩን ዘግታ ፋሻውን ፈታች። እያነከሰች ወደ ወጥ ቤት ሄደችና እግሯን ወንበር ላይ ዘረጋች። እናቷ ጉልበቱን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ቀጠሮውን አንጠብቅም» አለች ሩስኔ። «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ። ስለ መዥገር ሲጠይቁ ደግሞ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

እናቷ በሩጫ ከማቀዝቀዣው በረዶ የሠራ የእንጉዳይ ከረጢት አምጥታ ተንበረከከች። «ቢያንስ ይሄን ልያዝልሽ። እስክንደርስ እብጠቱን ያወርደዋል።»

ሩስኔ ከረጢቱን ከእጇ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ተይው፣ እማ» አለች። «እንዳበጠ ይዩት።»