«ምስኪን» ያለ ብርጭቆ ያጥባል

«ዛሬ ያንን ፊሽካ እንዳልሰማው!» አለች እናት፣ የወለወለችውን ጠረጴዛ እንደገና እየወለወለች። «ከነፋሽው አለቀልን።»

ልጇ፣ ዳኛዋ፣ ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችው። ዳኛዋ የሚሏት የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ ለክፍል ጓደኞቿ ግን ቅዳሜዋን ከትልልቅ ሰዎች ጋር የምታባክን ፋራ ናት። ማኅበሩን ያቋቋሙት ከእሳት አደጋ የተረፉ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ጠባሳ የሚያለሰልስ ጥብቅ ጓንት እየሰፉ ሆስፒታል ለተኙ ተጎጂዎች ያድላሉ። የሚሰፉባት ክፍል ከመጥበቧ የተነሳ አንዱ ክንዱን ሲዘረጋ ሌላው ላይ ሻይ ይደፋል።

ሕጋቸው አንድ ነው። «ምስኪን» የሚል ቃል ያወጣ፣ አባልም ሆነ እንግዳ፣ ሽርጥ ታጥቆ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል። ሕጉን ያወጣችው የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ እናት ናት፤ ምድጃ ፈንድቶ ፊቷንና እጆቿን ካቃጠላት ወዲህ ቃሉ አንገፍግፏታል። ፊሽካ መንፋት ደግሞ የልጇ ሥራ ነው።

ዛሬ ግን የክልሉ የማኅበረሰብ ልማት ጥምረት ሥራ አስኪያጅ ይመጣሉ። አብረው ለመሥራት ከተፈራረሙ ሰፊ አዳራሽ ይገኛል፤ ጓንቱም በየወረዳው ላሉ ተጎጂዎች ይደርሳል። ካልሆነ ያው ሻይ መደፋፋት ነው።

ሥራ አስኪያጇ ገና ከበሩ ሲገቡ ከአባላቱ አንዱን፣ ወጣቱን አናጺ፣ አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ውይ፣ ምስኪን!»

አናጺው ቅንድብ የለውም። «ቅንድቤን ነው? ለእሳት አውሼው ነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም» አላቸው።

ሴትዮዋ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ስላላወቁ ሳል አስመስለው ዋጡት። ጓንቶቹን ሲያዩ ቃሉን ደገሙት፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን የተጎጂዎች ፎቶዎች ሲያዩ ሠለሱት። ዳኛዋ ኪሷ ውስጥ ፊሽካውን ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች። አናጺው ደግሞ ይባስ ብሎ ባዶ ብርጭቆ ከፍ እያደረገ ይጠቅሳታል።

ከዚያ እናት መናገር ጀመረች። ሌላ ጊዜ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደበች የምታወራው ሴት ዛሬ አንገቷን ሰበር፣ ድምፅዋን ቀጠን አደረገች። ጠባሳ ያለበትን እጇንም ሻርፗ ሥር ደበቀችው።

«እንግዲህ እኛ ምስኪኖች ምን አቅም አለን? እርስዎ ካላዩን…»

ዳኛዋ ያንን የተደበቀ እጅ አየች። እናቷ እጇን ስትደብቅ አይታ አታውቅም። ገበያ መሃል እንኳ፣ ሰው ሁሉ አፍጥጦባት፣ ደብቃው አታውቅም። አዳራሹ ትዝ አላት፤ ልቧም ተከፈለ። ግን እጇ ቀድሟት ነበር። ፊሽካውን አውጥታ ነፋችው።

ሥራ አስኪያጇ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምንድን ነው? እሳት ነው?»

«ኧረ አይደለም» አለ አናጺው ፊቱ በርቶ። «ሊቀመንበራችን ብርጭቆ ልታጥብ ነው።» ሕጉንም ከነሽርጡ አስረዳቸው።

እናት ልጇ ላይ አፈጠጠች። «አንቺ ልጅ፣ ቤት እንገናኝ!»

«እሺ እማዬ። ሽርጡ በሩ ጀርባ ነው።»

እናት ቆይታ ቆይታ እጇን ከሻርፑ ሥር አወጣች፤ ሽርጡን ታጠቀች። «ሕግ ሕግ ነው!» አለች፣ በዚያ ጠረጴዛ በሚደበድበው ድምፅዋ።

ሥራ አስኪያጇ ግራ ቀኝ አዩ። «እኔ… ስንት ጊዜ ብያለሁ?»

አባላቱ ሁሉ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

«ሦስት ጊዜ ብለዋል፣ እትዬ» አለች ዳኛዋ።

ሥራ አስኪያጇ ሰዓታቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእናት ጎን ቆሙ።

«ስምምነቱስ?» አለች እናት፣ አረፋው ውስጥ እጇ ቆሞ።

«መጀመሪያ እጄ ይድረቅ፤ በእርጥብ እጅ አይፈረምም» አሉ። «አዳራሹ ግን ሰፊ ማጠቢያ ያስፈልገዋል። የቢሮዬ ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ ነው የሚያወሩት።»

ይህን እያሉ አንዱ ብርጭቆ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ እንክትክት አለ።

«ውይ፣ ምስኪን ብርጭቆ!»

ሁሉም ዞረው ዳኛዋን አዩ። ፊሽካው ከንፈሯ ደርሷል። እናቷን አየቻት፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዳኛዋ ፊሽካውን አንገቷ ላይ መልሳ አጠለቀችና መጥረጊያ ፍለጋ ሄደች።