ከጥቁሩ ድንጋይ ማዶ

ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሦስት ነበር፤ የእንፋሎት መርከብ ባለሸራውን ከባሕር ላይ ማባረር የጀመረበት። በዚያ ዓመት አንድ ማክሰኞ ጧት፣ የወደቡ ሹም ያወጡት አዋጅ በዓሣው ገበያ በር ላይ ተለጠፈ፤ «በዓሣ ሥጋ ውስጥ ትል ስለ ተገኘ፣ ከዐርብ ጀምሮ ማጥመድም መሸጥም ክልክል ነው» ይላል።

ዓሣ የምታጸዳው መበለት አዋጁን ሁለት ጊዜ አንብባ ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ አንድዬ ልጇ ከነቤተሰቡ የሚተዳደረው በአንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነውና። የገበያው ሰው «እሜቴ ስጋት» ይላታል፤ ልጇ በሕፃንነቱ በደንብ ያልበሰለ ዓሣ በልቶ በሆድ ቁርጠት ሲንፈራገጥ ካደረ ወዲህ፣ ሆድ ዕቃውን ሳትበረብር ያሳለፈችው ዓሣ የለም። ያገኘችውን ትል በኮምጣጤ ብልቃጥ ታኖራለች፤ በብልቃጡ አንገት ክር ታስራለች፤ ከሰላጤው ለተጠመደ አንድ ቋጠሮ፣ አጥማጆች «ጥቁሩ ድንጋይ» ከሚሉት የሰላጤው አፍ ቋጥኝ ማዶ፣ ከጥልቁ ለመጣ ሁለት።

ብልቃጦቹን በቅርጫት ታቅፋ፣ ትሉን ወዳገኘው ሐኪም ክፍል ደረጃውን እያለከለከች ወጣች።

«ጌታዬ፣ የመረመሩት ዓሣ ከየት የመጣ ነው?»

«ከገበያ ነዋ እማማ።»

«ገበያ ዓሣ አይፈለፍልም። ከየትኛው ባሕር ማለቴ ነው።»

የሐኪሙ ጆሮ ቀላ። የሁሉም ባሕር ዓሣ በአንድ ቅርጫት ተደባልቆ እስከ ቀትር ይቆይ ነበርና፣ አንድም ቀን አልጠየቀም። «ባለ አንዱ ቋጠሮ ከሰላጤው ነው፤ ባለ ሁለቱ ከጥልቁ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ማዶ» አለችው። ብልቃጦቹን እየከፈተ በአጉሊ መነጽሩ ሥር አኖረ፤ ባለ አንዱ ቋጠሮ ጠፍጣፋ እንደ ጥብጣብ፣ ባለ ሁለቱ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ነው።

«ሁለት ዘር ናቸው» አለ። «ይምጡ፣ ይዩት እስቲ።»

አጎንብሳ አየች፤ በተጠቀለለው ትል ራስ ጫፍ ላይ ትንሽ መብሻ ጥርስ አለች። 

«ለካ ልጄን ያሠቃየብኝ አንተ ነህ» አለችው ትሉን። ቀጥላም፣ «ጠፍጣፋው ከሆድ ዕቃ አይወጣም፤ ይኸኛው ግን ዓሣው ሲሞት ከሆድ ዕቃው እየበሳ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ወዲያው ካጸዳሁት ሥጋው ንጹሕ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሹሙ በዓይናቸው ይዩ። ከጥልቁ ማን ያጥምድልን?»

ብልቃጦቹን ወደ ቅርጫቷ መለሰች። የምታምነው አጥማጅ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጇ።

ልጇ «እሄዳለሁ» ካላት በኋላ ግን፣ ማታ ነፋሱን እያዳመጠች፣ «ከአንተ ሌላ ሰው ጠፋ?» ብላ ልጇን ነዘነዘችው።

«እማዬ፣ አንቺን ጀልባዋ ላይ ባሳፍርሽ በትንፋሽሽ ብቻ ሸራው በሞላ ነበር» ብሎ ሳቀባት።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሄደ፤ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጀልባዋ አልታየችም፤ መበለቲቱም ያንኑ ቢላዋ አራት ጊዜ ሳለች። በመጨረሻ ሸራዋ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ ስትል ቅርጫቷን አንስታ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች።

በሹሙ ፊት ዓሣው ተደረደረ፤ የሰላጤው፤ ከጥልቁ ወጥቶ እዚያው ጀልባ ላይ የጸዳው፤ ከጥልቁ ወጥቶ ሆድ ዕቃው ሳይነካ የዋለው። መበለቲቱ ቀደደች። የመጀመሪያው ሥጋ ንጹሕ። ሁለተኛውም ንጹሕ። ከሦስተኛው ሥጋ ውስጥ ግን የተጠቀለሉት ትሎች አንድ በአንድ በቢላዋዋ ጫፍ ወጡ፤ ሕዝቡም ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ተጋፋ።

«ባሕሩ አልታመመም ማለት ነው?» አሉ ሹሙ።

«አልታመመም ጌታዬ። የዘገየነው እኛ ነን።»

አዋጁ ያን ዕለት ተቀደደ፤ ከጥልቁ የሚጠመድ ዓሣ በጀልባ ላይ ይጸዳ የሚል በቦታው ተለጠፈ፤ ዐርብም ጀልባዎቹ ሁሉ ወጡ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ የዓሣ ትሎችን ከነመገኛቸው የዘረዘረበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ ትሉ የሐኪሙን ስም ወረሰ። የመበለቲቱን ስም ግን ማንም አልጻፈውም፤ ሐኪሙም አልጠየቃት ይሆናል። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ከትሉ መገኛ ጎን፣ ሊቃውንት ዛሬም ደጋግመው የሚገለብጧት አንዲት መስመር አለች፤ መርከበኞች በካርታቸው ያላሰፈሩት ስፍራ፣ ከእርሷ አፍ እንደ ወጣ የተጻፈ፦ «ከጥቁሩ ድንጋይ ማዶ»።