የፌሊሳ አዲሱ መብራት

ፌሊሳ የተገኘችው ወለሉ ላይ፣ በዓሣ ቋንጣ ካርቶኖች መሀል ነው። ቢጫ ሽርጧን እንዳሰረች። ጭንቅላቷ ተፈንክቷል፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም አለ። ከአዲሶቹ መብራቶቿ አንዱ አጠገቧ ተጋድሟል፤ ገመዱ ተልጦ መዳቡ ይታያል።

የባንታያን ደሴት ሰው ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። መብራቱ ኮረንቲ ይዟት ወደቀች፣ አለቀ። መብራቱን የሸጠላት ናርሲሶ ታሰረ፣ ሱቁም ተሰባበረ።

«ሰውዬው በከሰዓቱ ጀልባ ወደ ሴቡ እስር ቤት ይላካል» አላት የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ሚላግሮስን። «ፈርሚና እንገላገል።»

«ምንም ሳላይ?»

«ምን ይታያል? ሴትዮዋ ጠዋቱን ሙሉ በስልክ በቀጥታ እየተላለፈች፣ ላይቭ ላይ ስትሸጥ ነበር። ደሴቱ ሁሉ አይቷታል። ስትጨርስ መብራት ላጥፋ ብላ ነካችው፣ በቃ።»

ሚላግሮስ አልፈረመችም። የጣቢያው በር ላይ የናርሲሶ ሚስት ሆዷን ደግፋ ቆማለች፤ መውለጃዋ ደርሷል።

«እትዬ፣ የሱ ዕቃ ሰው አይገድልም። ልጁን ወልጄ ለማን ላሳየው ነው?»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ» አለቻትና ወንበር ገፋችላት።

ናርሲሶ ከብረቱ ጀርባ ይጮሃል። «ከታሰርኩ ጀምሮ እየተናገርኩ ነው! የሚሰማ ሰው የለም!»

«እኔ እየሰማሁ ነው። አትጩህብኝ። ምን ሸጥክላት?»

«ትልቅ ካሜራ ካልገዛሁ አለች። ተይው፣ ስልክሽ ይበቃሻል፣ ገንዘብሽን ብርሃን ላይ አውይው አልኳት። ክብ መብራት ነበራት። መነጽር ታደርጋለች አይደል? ክቡ መነጽሯ ላይ ነጭ ቀለበት እየሠራ ዓይኗን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሁለት ባለ አራት ማዕዘን መብራት ሰጠኋት፤ ግራና ቀኝ፣ ከፍ አድርጌ ወደ ታች አዘንብዬ ተከልኩላት። ከዛ ደግሞ የስልክ መቆሚያ።»

«መቆሚያው ለምን?»

«ብቻዬን ልሠራ ነው አለቻ! በማግስቱ ሞተች።»

«ክቡስ የት ሄደ?»

«በልዋጭ ወሰድኩት። ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። ያልሰበሩት እሱን ብቻ ነው።»

ሚላግሮስ በሱቁ በኩል አለፈች። ክቡ መብራት ግድግዳው ላይ ነበር።

ፌሊሳ ቤት ሁለት ሰው አገኘች። ባሏ ክሪስፒን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያን ቀን ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ላይ ውሎ ለምሳ ሲመለስ ነው ሬሳዋን ያገኘው። ሁለተኛዋ የአክስቷ ልጅ ጁቬሊን ናት። ፌሊሳ ስትሸጥ ስልኩን ይዛ የምትቀርጸውና የገዢዎቹን ስም ጮክ ብላ የምታነበው እሷ ነበረች።

«እኔ ገበያ ነበርኩ» አለች ጁቬሊን ሳትጠየቅ። «ላይቭ ላይ እያለች በስልኬ እያየኋት ነበር። የገበያው ሴቶች ምስክሮቼ ናቸው።»

«አየሁት ላይቩን። ልግዛ ብሎ ‹የኔ› የሚል የጻፈ ሰው ስሙ ይጠራ የለ? ያን ቀን አንድም ስም አልተጠራም።»

«ብቻዋን ነበረችኮ፣ ማን ያንብብላት?»

«ደንበኞቹ ተናደዋል። ‹ፌሊሳ፣ ዛሬ ኮራሽብን እንዴ?› ይላሉ። ከሥር በገጿ ስም የመለሰላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይቀየሙ ብዬ ነዋ።»

«ጎበዝ» አለች ሚላግሮስ። ገመዱን አነሳችው። አልተቃጠለም። ላስቲኩ ቀጥ ብሎ በስለት ተልጧል።

«ምን ቀረ?» አለ ክሪስፒን እየጮኸ። «ሚስቴ ሞታለች፣ እርስዎ ገመድ ይዳብሳሉ!»

«አንተም ትጮህብኛለህ? እሺ። ሁላችሁንም አንድ ላይ ልሰብስባችሁ።»

አዛዡ ሰዓቱን እያየ መጣ። ናርሲሶን በካቴና አመጡት። በካርቶኖቹ መሀል ተጣበው ቆሙ፤ ቤቱ በዓሣ ሽታ ታፍኗል።

«ቶሎ በይ፣ ጀልባው ይሄዳል» አለ አዛዡ።

«ይሂድ። ናርሲሶ፣ መብራቱን ስትተክል ሞክረኸዋል?»

«ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ።»

ስልኩን አስመጣች። ፌሊሳ ቢጫ ሽርጧን አስራ ትስቃለች። መነጽሯ ላይ ምንም የለም።

«ይሄ በአዲሶቹ መብራቶች ነው። አሁን ደግሞ የሞተችበትን ቀን ላይቭ እዩ።»

ያው ሽርጥ፣ ያው ቋንጣ፣ ያው ጨዋታ። መነጽሯ ላይ ግን ሁለት ነጭ ቀለበት።



«ክቡ መብራት ያን ቀን ናርሲሶ ሱቅ ነበር» አለች ሚላግሮስ። «ስለዚህ ይሄ የቆየ ቅጂ ነው፤ ስም የማይጠራበት ቦታ ተመርጦ እንደ ቀጥታ የተላለፈ። ገበያው ሲያያት ፌሊሳ ሞታ ነበር። ክሪስፒን ባሕር ላይ ነበር፣ እዚያ ስልክ አይሠራም። ናርሲሶ የቆየ ቅጂ ከየት ያመጣል? ገጹን የምትከፍት፣ ቅጂውን የያዘች፣ ጠዋት ገበያ ሳትወርድ እዚህ መምጣት የምትችል አንድ ሰው ናት። ገመዱንም ኮረንቲ እንዲመስል ላጠችው።»

ጁቬሊን ቀለበቶቹን አፍጥጣ ታያለች።

«ስንት ጊዜ ቀርጬያታለሁ» አለች። «አይቼው አላውቅም።»

«ስም ታነቢ ነበራ። ፊቷን መች አየሽው?»

«አራት ዓመት እጄ እስኪደነዝዝ ስልክ ያዝኩላት!» ጁቬሊን መቆሚያውን በእግሯ መታችው። «በብረት ቀየረችኝ! ‹ከእንግዲህ አትምጪ፣ እሱ አይደክመውም› አለችኝ። ገፋኋት… ገፋኋት እንጂ…»

 አዛዡ አንገቱን ደፋ። ሚላግሮስ የናርሲሶን ካቴና ፈታችና ለጁቬሊን አጠለቀችላት።

«ሂድ፣ ሚስትህ ጣቢያ ናት» አለችው ናርሲሶን። «የተሰበረው ሱቅህ ግን…» በሩን ከፈተችለት።

ናርሲሶ ሊወጣ ሲል ክሪስፒን እጁን ያዘው። ክሪስፒን ባለፈው የናርሲሶ ሱቅ ላይ ድንጋይ የወረወረው በዚሁ እጁ ነው።

«መብራቱን የሞከርክበትን ቪዲዮ እስቲ ድገመው።»

ናርሲሶ ስልኩን ሰጠው። ክሪስፒን ወደ ፊቱ አስጠጋው። ፌሊሳ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ላይቭ ተሸፍኖ የኖረው ዓይኗ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጥሩ መብራት ነው» አለ ክሪስፒን፣ ስልኩን ሳይመልስ።